ለደስታ መጠጣት ካበቃ በኋላ

«ካልጣፈጠው ታዲያ ለምን ይጠጣል?»

ጠጪ ባለበት ቤት ሁሉ ይህ ጥያቄ ይነሳል። እናት ትጠይቃለች፣ ሚስት ትጠይቃለች፣ ልጅም ነፍስ ሲያውቅ ይጠይቃል። መልሱም ወዲያው ይመጣል። ጥጋብ ነው ይባላል። ለቤቱ ግድ የለውም ይባላል። እርግማን ነው፣ ዓይነ ጥላ ነው የሚልም አይጠፋም።

ሌላ መልስ አለ። እሱን ልጽፍላችሁ ነው የፈለግሁት፤ ምክንያቱም ብዙ ቤተሰብ ሳይሰማው ዓመታት ያልፋሉ።

ስለ ሱስ ሲወራ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ደስታ ነው። ከደስታ ጋር የሚነሳው የአንጎል ኬሚካል፣ የዶፓሚን ስም ዛሬ ቲክቶክ ላይ እንኳን ተለምዷል። የጀማሪ ጠጪን ነገር በዚያ ማስረዳት ይቻል ይሆናል። ለ15 ዓመት የጠጣ ሰው ግን ጠዋት 12 ሰዓት ላይ አረቄ ቤት ደጅ የሚቆመው ሊደሰት ብሎ አይደለም። ፊቱን ማየት ይበቃል። ላብ አጥምቆታል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ሰው ሲያየው ይሸማቀቃል። አንድ መለኪያ ሲወርድለት ትንሽ ይረጋጋል። ከመረጋጋት ያለፈ ነገር አያገኝም። ያ ሰው የሚጠጣው ጭንቀቱ እንዲለቀው ነው። ጭንቀቱን አንጎሉ ውስጥ ያደረጀው ደግሞ ያው መጠጥ ነው።

የእናቴ ታናሽ ወንድም እንዲህ ነበር። ጎበዝ አናጺ ነው፤ ቀን እስኪጋመስ ግን መጋዝ አይይዝም ነበር። አንድ ጠዋት «ጋሼ፣ ቁርስ እንኳን ሳትቀምስ?» አልሁት። ቁጣ ጠብቄ ነበር። እሱ ግን ቀስ ብሎ «ለመስከርማ አይደለም ልጄ፤ እጄ እንዲረጋልኝ ነው» አለኝ። ያኔ ሰበብ መስሎኝ አለፍኩት። ኋላ ስለ አንጎል ማንበብ ስጀምር ሰበብ ሳይሆን የራሱን ሕመም በትክክል እየነገረኝ እንደነበር ገባኝ።

ከመጀመሪያው ብርጭቆ እንነሳ። አልኮል አንጎል ሲገባ ጋባ የሚባለውን የማረጋጊያ ኬሚካል ሥራ ያጠናክራል። ግሉታሜት የሚባለውን የማነቃቂያ ኬሚካል ሥራ ደግሞ ያዳክማል። በዚያው ላይ ዶፓሚንና አንጎል ራሱ የሚሠራቸው ሕመም አስታጋሾች ይለቀቃሉ። ሞቅታ የምንለው ይህ ነው። አሚግዳላ የምትባል፣ ከጆሯችን አቅጣጫ ወደ ውስጥ ጠለቅ ብላ የምትገኝ ትንሽ የነርቭ ሴሎች ስብስብ አለች። ፍርሃትና ስጋት ሲመጣ ቀድማ የምትነሳው እሷ ናት። መጠጥ እሷንም ለጊዜው ያለዝባታል። ዓይን አፋሩ ሰውዬ ሠርግ ላይ ሁለት ብርሌ ጠጅ ጠጥቶ እስክስታ የሚወርደው ለዚህ ነው።

አንጎል ግን ዝም ብሎ አይቀበልም። ገመድ ጉተታን አስቡ። አልኮል በየቀኑ በማረጋጋት በኩል ቆሞ ይስባል። አንጎል ሚዛኑን ለመጠበቅ በተቃራኒው በኩል ሰው ይጨምራል። ጋባን ያዳክማል፣ ግሉታሜትን ያበረታል። ወራትና ዓመታት ሲያልፉ ሁለቱም ወገን በሙሉ ኃይሉ እየሳበ ገመዱ መሃል ላይ ይቆማል። ሰውየው አምስት ጠርሙስ ቢራ ጠጥቶ ያልጠጣ የሚመስለው በዚህ ጊዜ ነው። «ይችላል» ይሉታል ጓደኞቹ፣ እንደ ጉብዝና። ከዚያ አንድ ቀን መጠጡ ይቋረጣል። አልኮል ገመዱን ይለቃል። በሌላው ወገን የተሰለፈው ሁሉ ግን አሁንም እየሳበ ነው። መንቀጥቀጡ፣ ላቡ፣ የልብ ምቱ፣ እንቅልፍ ማጣቱ ከዚህ ይመጣል።

ይህ የታሪኩ ግማሽ ነው። የቀረው ግማሽ ሲአርኤፍ በሚባል ንጥረ ነገር ዙሪያ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1981 ካሊፎርኒያ ባለው የሳልክ ተቋም ዋይሊ ቬይል የሚባል ሳይንቲስትና ባልደረቦቹ ከበግ አንጎል ይህን ሲአርኤፍ ለይተው አወጡ። የ41 አሚኖ አሲዶች ሰንሰለት ነው። ለዓመታት ብዙ ሲታደን የነበረ ነገር ነው፤ ሰውነት ለጭንቀት የሚሰጠውን ምላሽ የሚያስጀምረው እሱ ነውና። ሃይፖታላመስ ከሚባለው የአንጎል ክፍል ይለቀቃል፣ ከዚያ ዕጢዎች ተራ በተራ ይቀሰቀሳሉ፣ በመጨረሻ ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች ኮርቲሶል የሚባለውን የጭንቀት ሆርሞን ወደ ደም ይረጫሉ። አውሬ ሲያባርረን፣ ፈተና ሲደርስብን፣ የቤት ኪራይ ቀኑ ሲያልፍብን ይህ ሰንሰለት ይነሳል። ነገሩ ሲያልፍ ደግሞ ይበርዳል።

ሲአርኤፍ ሌላም ቦታ ይሠራል። አሚግዳላ ውስጥም አለ። እዚያ ሥራው ሆርሞን ማስለቀቅ አይደለም። እዚያ ሲለቀቅ ሰው ውስጡ ይረበሻል። ስጋት ይሰማዋል፤ ምን እንዳሰጋው ግን አያውቅም።

እኔን በጣም የነካኝ እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣ አንድ የአይጥ ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ በአይጦች አሚግዳላ ውስጥ ያለውን ሲአርኤፍ ለኩ። በመጀመሪያ አይጦቹ እንዳይንቀሳቀሱ ታስረው ሲጨነቁ ለኩት፤ ጨመረ። ከዚያ አልኮል የለመዱ አይጦች መጠጡ ሲቋረጥባቸው ለኩት፤ ጨመረ። እዚህ ላይ ማንም አላሰራቸውም። ማንም አላስፈራራቸውም። የጎደለው መጠጡ ብቻ ነው። አንጎላቸው ግን መውጫ እንደሌለው እስረኛ ተጨነቀ።

አጎቴ አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ ሲነጋ የሚጠብቅባቸው ሌሊቶች ወዲያው ትዝ አሉኝ። «ምን ሆንክ?» ሲሉት «ምንም» ይል ነበር። እውነቱን ነው። ሊጠቅሰው የሚችል ምክንያት አልነበረውም።

ይህን ነገር አጥብቀው ከያዙት ሳይንቲስቶች ዋናው ጆርጅ ኩብ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ የአሜሪካን ብሔራዊ የአልኮል ጥናት ተቋም መርቷል። ከፈረንሳዊው ሚሼል ለሞል ጋር እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጽሑፍ ሱስን እንደ አዙሪት አስረዱ። መጀመሪያ ሰው ለሞቅታ ይጠጣል። ቀጥሎ ሞቅታው ሲለቀው ድብርትና ጭንቀት ይወርድበታል። ከዚያ ሐሳቡ ሁሉ ስለሚቀጥለው መጠጥ ይሆናል። ተመልሶ ይጠጣል። በእያንዳንዱ ዙር የደስታው ድርሻ እያነሰ፣ የጭንቀቱ ድርሻ እየበዛ ይሄዳል። ኩብ ይህንን ሁለተኛውን ክፍል የሱስ ጨለማ ገጽታ ይለዋል። ሲአርኤፍ ብቻውንም አይደለም። ዳይኖርፊን የሚባል፣ ሰውን የሚያስከፋና የሚያስቆዝም ኬሚካል አብሮት ይነሳል። ልብን የሚያስደልቀው ኖርኤፒንፍሪንም ይነሳል። እነዚህን ሊያረጋጋ የሚገባው ኒውሮፔፕታይድ ዋይ የሚባለው ደግሞ ይቀንሳል።

ለእኔ የበለጠ አሳማኝ የሆነው ቀጥሎ የመጣው ነው። የሲአርኤፍን ሥራ የሚከለክል መድኃኒት ለአይጦች ሲሰጥ ምን ሆነ? ሱስ የያዛቸው አይጦች መጠጥ ቀነሱ። አልፎ አልፎ ብቻ የሚቀምሱት አይጦች ላይ ግን ለውጥ አልታየም። ልብ በሉ፤ ሁለቱም ይጠጣሉ፣ የሚያስጠጣቸው ነገር ግን ሁለት ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ የአሜሪካው የስክሪፕስ የምርምር ተቋም ተመራማሪዎች ከአሚግዳላ የሚነሱትን የሲአርኤፍ ሴሎች መስመር በብርሃን እየተቆጣጠሩ ሥራውን ለጊዜው አቋረጡት። አይጦቹ ከመጠን በላይ መጠጣታቸውን ቀነሱ፣ የመንቀጥቀጥ ምልክታቸውም ተሻለ። ብርሃኑ ሲቋረጥ ወደ ቀድሞ አጠጣጣቸው ተመለሱ።

ሰው አይጥ አይደለም፤ ይህን የምለው ለይስሙላ አይደለም። በሰው ላይ ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2015 እና በ2016 ይፋ በሆኑ ሁለት ሙከራዎች የሲአርኤፍን ሥራ የሚከለክሉ መድኃኒቶች ለሱሰኞች ተሰጡ። የመጠጥ አምሮታቸውን አልቀነሱም። ትልቅ ተስፋ ተጥሎባቸው ስለነበር ብዙዎች አዘኑ። የሰው ጭንቀት በአንድ ኬሚካል ብቻ አይመራም። ያም ሆኖ የጭንቀቱ መስመር ሌላ በር ነበረው። ፕራዞሲን የሚባል የቆየ የደም ግፊት መድኃኒት አለ፤ የኖርኤፒንፍሪንን ሥራ ይከለክላል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ የየል ዩኒቨርሲቲ ጥናት ይህ መድኃኒት መጠጥ ሲያቆሙ ከባድ የማቋረጥ ምልክት የነበረባቸውን ሰዎች እንደረዳ አሳየ። ቀላል ምልክት ያላቸውን ግን እምብዛም አልጠቀመም። የጭንቀት መስመሩ የተጎዳውና ያልተጎዳው ሰው አንድ ዓይነት ሕክምና እንደማይበቃቸው ከዚህ ይታያል።

ወደ እኛ ሰፈር ልመለስ።

ብዙ ወጣት የሚያውቀው አንድ ልማድ አለ፤ ከሰዓት ይቃማል፣ ማታ ጨብሲ ይወጣል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አምፌታሚን ከሚባለው አነቃቂ ዕፅ ጋር የሚዛመድ ንጥረ ነገር ነው። ዶፓሚንና ኖርኤፒንፍሪን ያስለቅቃል። ምርቃናው ሲያልፍ ሰውየው ይነጫነጫል፣ እንቅልፍ ይሸሸዋል፣ ልቡ ይመታል። ያንን ለመስበር ቢራ ወይም አረቄ ይጠጣል። ማታ የሚያረጋጋው መጠጥ ሌሊት ከደሙ ሲወጣ ያው የጭንቀት መስመር እንደገና ይነሳል። ጠዋት ደብሮት ይነሳል። ለድብርቱ ደግሞ ጫት አለ። እንዲህ እያለ አንዱ ሌላውን ይጠራል። አንድ የጭንቀት መስመር በቀን ሁለት ጊዜ፣ በሁለት አቅጣጫ ይገፋል። ስለ ጫትና ስለ መጠጥ ለየብቻ የሚመክሩ ብዙ ናቸው። አብረው ስለሚሠሩት ነገር ሲነገር ግን ብዙም አልሰማሁም፤ ያሳስበኛል።

አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የመጠጥ ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቷል፤ ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው መሸጥንም ከልክሏል። እደግፈዋለሁ። አዲስ ጠጪ ይቀንሳል ብዬ አምናለሁ። አጎቴን የመሰለውን ሰው ግን ማስታወቂያ አላመጣውም፣ የማስታወቂያ መቅረትም አይመልሰውም።

ሌላው መስማት የሚከብደኝ ዘለፋ ነው። ቤተ ዘመድ ይሰበሰባል። ሽማግሌ ይቀመጣል። «በልጆችህ አታፍርም?» ይባላል። ሰውየው አንገቱን ይደፋል፣ ያለቅሳል፣ በንስሐ አባቱ ፊት ተገዝቶ ይወጣል። በሦስተኛው ቀን ማታ ሰክሮ ይገባል። «ዋሸን» እንላለን። አልዋሸም። ሲገዘት ከልቡ ነበር። ቃሉን የሰጠው የአንጎል ክፍልና በሦስተኛው ሌሊት የሚጮኸው የአንጎል ክፍል ግን አንድ አይደሉም። ከባድ ሱስ ውሳኔና ማመዛዘን የሚሠራበትን የፊተኛውን የአንጎል ክፍል ያዳክማል። እኛ ደግሞ ባዋረድነው ቁጥር በዚያው በተቃጠለ የጭንቀት መስመር ላይ እንጨምርበታለን። ሚስቱ ተቆጥታ የመናገር መብት አላት፤ የተሰበረው ቤቷ ነው። ድብደባና የተበላ የቤት ወጪ በአሚግዳላ ይቅር አይባልም። ዘለፋን እንደ መድኃኒት መቁጠር ግን ይቅር። በዘለፋ የዳነ ሰው አላየሁም።

አሁን ከሁሉ በላይ እንዲነበብልኝ የምፈልገውን ልጻፍ።

በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው በአንድ ጊዜ በራሱ ማቆም ሊገድለው ይችላል። ሰው ይህን ሲሰማ ማጋነን ይመስለዋል። ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ ከ6 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ እንደሚጥል በሽታ ያለ መንቀጥቀጥ ሊመጣ ይችላል። ከ2 እስከ 4 ቀን ባለው ጊዜ ደግሞ አንዳንዱ ሰው ይቃዣል። የሌለ ነገር ያያል፣ የት እንዳለ ይጠፋበታል፣ ትኩሳትና የልብ ምቱ ይጨምራል። ካልታከመ ሞት ሊያስከትል ይችላል። ነገሩን የሚያከፋው ደግሞ እያቆሙ መጀመር ነው። ማቆምና መመለስ በተደጋገመ ቁጥር አንጎል ይበልጥ ይቆጣል፤ የሚቀጥለው መቋረጥ ካለፈው የባሰ ሊሆን ይችላል።

ብዙ ቤተሰብ እንዲህ ያለውን ሰው ፀበል ይወስዳል። እኔም አምናለሁ፤ ፀበል ቦታ ሄደው ከመጠጥ ተላቅቀው የተመለሱ ሰዎችን አውቃለሁ። ከአረቄ ቤቱ መራቅ፣ ጸሎቱ፣ አብሮ የሚቸገር ሰው ማግኘት፣ በሰዓት መነሳትና መተኛት የተረበሸ ሰውን ያረጋጋሉ። የምፈራው የመጀመሪያዎቹን ቀናት ነው። ሰውየው ትናንት ማታ ጠጥቶ ዛሬ ጠዋት ሳይበላ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይገባል። በሁለተኛው ቀን ሲንቀጠቀጥና ሲቃዥ «ርኩስ መንፈሱ ጮኸ» ይባላል። ያ ሰው በዚያች ሰዓት ሐኪም ያስፈልገዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ሆስፒታል ይሂድ። አዲስ አበባ ላሉ የአማኑኤል ሆስፒታል አለ፤ በክልል ያሉ ደግሞ ቅርባቸው ካለው ሆስፒታል ይጀምሩ። እዚያ እንደ ዳያዜፓም ያለ መድኃኒት በመጠን እየተቀነሰ ይሰጣል። የቪታሚን ቢ1 መርፌም አስፈላጊ ነው፤ ብዙ የሚጠጣ ሰው ይህን ቪታሚን ያጣል፣ እጥረቱም አንጎልን ይጎዳል። ዳያዜፓሙን ግን ከፋርማሲ ገዝታችሁ እቤት እንዳትሰጡ። ከመጠጥ ጋር ሲደባለቅ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል። አደገኛዎቹ ቀናት ካለፉ በኋላ ወደ ፀበሉ መሄድን የሚከለክል ነገር የለም።

መድኃኒቱ በዚያ አያበቃም። ናልትሬክሶን የሚባለው የመጠጡን ሞቅታ ይቀንሳል፤ አሜሪካ ውስጥ ለአልኮል ሱስ እ.ኤ.አ. በ1994 ጸድቋል። አካምፕሮሴት የሚባለው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2004 ጸድቋል፤ ካቆሙ በኋላ ሳይመለሱ ለመቆየት ያግዛል። እኛ ጋ በሁሉም ቦታ አይገኙም። ቢሆንም ሐኪሙን በስማቸው ጠይቁት።

ለምን ይመለሳሉ ለሚለው ራጂታ ሲንሃ የምትባል የየል ተመራማሪ ብዙ ሠርታለች። ካቆሙ ሳምንታት ያለፏቸውን ሰዎች በራሳቸው ሕይወት የደረሰባቸውን የሚያስጨንቅ ታሪክ ታሰማቸዋለች። መጠጥ በአጠገባቸው የለም፣ ሽታውም የለም። ታሪኩን ሲሰሙ ግን አምሮታቸው ይነሳል። አምሮታቸው በጣም የሚነሳባቸው ሰዎች ወደ መጠጡ ቶሎ ይመለሳሉ። ጦርነት ያየ ሰው፣ ልጅ የቀበረ ሰው፣ በልጅነቱ ዱላ የበዛበት ሰው ለምን እንደሚከብደው ከዚህ መገመት ይቻላል። ወደ ሱስ የመውደቅ ዕድል ግማሽ ያህሉ በዘር የሚወረስ መሆኑም ይታወቃል። ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ሸክሙ ከባድ ነው።

አጎቴ ሆስፒታል ተኝቶ ወጣ። አሁን አይጠጣም። ከወጣ በኋላ ያሉት ወራት ግን ሰላማዊ አልነበሩም። እንቅልፍ አልነበረውም፣ በትንሽ ነገር ይቆጣ ነበር፣ ምንም ነገር አያስደስተውም ነበር። ቤቱ «ሲጠጣ ይሻል ነበር» እስከ ማለት ደረሰ። አንድ ነርስ ይህ ሁኔታ ለወራት ሊቆይ እንደሚችል አስቀድማ ለሚስቱ ነግራት ስለነበር ጸናች። የገንዘብ ወሬ ማታ አይነሳም አለች። ለቅሶም ሆነ ሠርግ ሲኖር ብቻውን አይሄድም። የድሮ ጓደኞቹ ደጅ ሲመጡ የምትወጣው እሷ ነበረች፤ ሻይ ታቀርባለች፣ እሱ ተኝቷል ትላለች።

በመሃል አንዴ አገርሽቶበታል፤ የእናቱ ሙት ዓመት ሰሞን። ያን ጊዜ ሽማግሌ አልተጠራም። በማግስቱ ይዛው ወደ ሐኪሙ ሄደች፣ መድኃኒቱ ተስተካከለለት፣ በሳምንቱም ሥራ ገባ።